ግልገል አባይ ላይ በላባ ማጥመድ፦ የሾላው ጥልቅ ለምን ዝም አለ?

መምህርት ከመራዊ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው መራዊ ሲሆን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ኖርዌይ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለዕረፍት መጥቶ ሲመለስ ባለ 5 ቁጥር የማጥመጃ ዘንጉን ከነክሩ ትቶልኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከፈተና እርማት የተረፈውን ጊዜዬን የወሰደው ግልገል አባይ ነው። እዚህ የምትጽፉት አብዛኞቻችሁ መረብ ወይም ትል የሚሰካበት መንጠቆ እንደምትጠቀሙ ስለማውቅ ስለ ዘዴው አስቀድሜ ጥቂት ልበል፤ አለዚያ ጥያቄዬ ግልጽ አይሆንም።

በተለመደው መንጠቆ ክሩን ጎትቶ የሚወስደው እርሳሱ ነው። በዚህኛው መንጠቆው ላይ ያለው፣ ዓሣው የሚበላቸውን ነፍሳት እንዲመስል የታሰረ ላባና ፀጉር ብቻ ስለሆነ ክብደት የለውም፤ ክብደቱ ያለው ወፍራም ተደርጎ በተሠራው ክር ውስጥ ነው። የዘንጉ ቁጥርም የሚነግረን የክሩን ክብደት ነው። ክሩን ወደ ኋላ ትልኩታላችሁ፣ እስኪዘረጋ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ወደ ፊት ትመልሱታላችሁ። ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮኽ ያደገ ሰው የእጁን ስልት ቶሎ ይይዘዋል፤ ልዩነቱ ይኸኛው መጮህ የለበትም። ከጮኸ ጫፉ ላይ ያለው ላባ ተበጥሶ ሄዷል ማለት ነው።

ላባውን የማስረው ራሴ ነኝ። መንጠቆው ቁጥር 12 ነው። ገላውን ከጥቁር በግ ፀጉር እፈትላለሁ፤ በላዩ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ እጠመጥምበታለሁ፤ ክብደትም ብልጭታም ይሰጠዋል። አንገቱ ላይ የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ አንድ ሁለት ዙር ይበቃዋል። የገብስማው ነጭና ጥቁር መፈራረቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚንቀሳቀስ እግር ያስመስላል። የቀይ አውራ ዶሮ ላባም ሞክሬአለሁ፤ ውኃው ገና ድፍርስ ሳለ ቀዩ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ወንድሜ የተወልኝ የፋብሪካ ላባዎች አሁንም ሳጥናቸው ውስጥ አሉ፤ ብዙ ዓሣ የሰጠኝ ግን ለገና የታረደው የእናቴ ገብስማ ዶሮ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ከወተት አባይ ድልድይ ወደ ታች በእግር ሲኬድ ወንዙ ጠጠር ላይ እየተንሾካሾከ ይወርድና ትልቅ ሾላ ሥር ጥልቅ ይሠራል። ባለፈው ኅዳር፣ ውኃው ጠርቶ የታችኛው ድንጋይ መታየት ሲጀምር፣ ይህ ቦታ ለእኔ የተለየ ነበር። ላባውን ከጠጠሩ ራስ ላይ ጥዬ ከውኃው ጋር እንዲወርድ ስለቀው፣ ጥልቁ አፋፍ ላይ ሲደርስ ክሩ ቀጥ ይላል። ነጭ ዓሣ ነው፤ ከጣቴ ጫፍ እስከ ክርኔ የሚደርስ፣ ቅርፊቱ ትልልቅና ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ነሐስ የሚያደላ። ሲያዝ ወደ ላይ አይዘልም፤ አንገቱን ደፍቶ ወደ ዋናው ጅረት ይሮጣል፤ ኃይሉ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። እጄን አርጥቤ መንጠቆውን ከከንፈሩ አወጣለሁ፣ አፉን ወደ ጅረቱ አዙሬ እስኪበረታ እይዘውና እለቀዋለሁ። አንድ ቀን በሬዎቻቸውን ውኃ ሊያጠጡ የመጡ አባት ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው «ልጄ፣ ሲሳይሽን ወደ ውኃ የምትመልሺው ስእለት አለብሽ?» አሉኝ። ዓሣው እንዲበዛ ብዬ እንደሆነ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲያስ ይብዛልሽ» ብለው መረቁኝ።

ሁሌ እንዲህ አይደለም። ቆጋ ግድብ ዳር ቀረሶው በዓይኔ እየታየ ሲንሸራሸር ውዬ አንዱም ላባዬን ዞር ብሎ ሳያየው መሽቷል። እዚያው ግድብ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ትልቅ ጥቁር ላባ ስጎትት አንድ አምባዛ መትቶ ናይሎኑን (ወፍራሙን ክር ከላባው ጋር የሚያገናኘውን ቀጭን ክር) በጠሰው፤ በሚቀጥለው ግን ሌላ አምባዛ ይዤ ለእናቴ ወስጃለሁ። ነፋስ የበረታበት ቀን ክሩን መዘርጋት ራሱ ስለማይቻል ጠቅልዬ የተመለስኩበትም አለ። ይህ ሁሉ የተለመደ ነው፤ አያስጨንቀኝም።

የሚያስጨንቀኝ የሾላው ጥልቅ ነው። ከገና ወዲህ ፈጽሞ ዝም ብሏል። ያው ላባ፣ ያው አወራወር፣ ያው ጥርት ያለ ውኃ፤ ምንም የለም። ከዚያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ወደ ታች ስወርድ ግን፣ መጠኑ ቢያንስም፣ ዓሣ አገኛለሁ። እንደ እኔ ሐሳብ ውኃው ስለቀነሰ ዓሣው ወርዶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሾላው ጥልቅ ከታችኛው ይልቅ ጥልቅ ነው፤ ለምን ይተወዋል? ወንዙን የምታውቁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ ያያችሁ ካላችሁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው። ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ፦ ክረምት ላይ፣ ነጭ ዓሣው ከጣና ወደ ወንዞቹ በሚወጣበት ጊዜ፣ ለቅቆም ቢሆን ማጥመድ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

---

ባሌ ደርሶ መልስ

እህቴ፣ ጎጃም ውስጥ በላባ የሚያጠምድ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ የለመድኩት በባሌ ነው። በወይብ፣ በሻያና በዳንካ ወንዞች በንጉሡ ዘመን ከኬንያ የመጣ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ፤ በላባ ማጥመድን ብዙዎቻችን የተማርነው እዚያ ነው። ያንቺ ግን የአገሩ የራሱ ዓሣ ስለሆነ ቀናሁብሽ።

ስለ ጥር ዝምታው፦ በየትኛው ሰዓት ነው የምትሄጂው? ዓሣ የገላው ሙቀት ከውኃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፍጥረት ስለሆነ ሌሊቱ ውርጭ ካደረበት ውኃው ጠዋት ይበርዳል፣ ዓሣውም መብላት ይቀንሳል። ባሌ ላይ በታኅሣሥና በጥር ማልዶ መነሣት ጥቅም የለውም፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ድንጋዩን ካሞቀች ወዲያ ነው የሚነቃው። ላባውም ከኅዳሩ ማነስ አለበት። ውኃው ሲያንስና ሲጠራ ዓሣው ሁሉን ነገር በደንብ ያያል፤ ወደ ቁጥር 16 ውረጂ፣ ናይሎኑን አቅጥኚ፣ አስረዝሚውም። ከዘንግሽ አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ደግሞ ጥላሽ ውኃው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቂ፤ እኔ በጠራ ውኃ ተንበርክኬ ነው የምወረውረው።

ቀረሶው ላባሽን ስላላየ አትዘኚ። በአብዛኛው የሚመገበው ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ደቂቅ አልጌ ነው፤ እሱን በላባ ማሳመን ለማንም ከባድ ነው።

---

የዘጌው

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። እኔ በዘንግ አጥምጄ አላውቅም፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ጣና ላይ በታንኳና በመረብ ነው፤ አሁን ለልጆቼ ትቻለሁ። የክረምቱን ጥያቄ ልመልስልሽ። የአባቶቻችን ሥርዓት የታወቀ ነበር፦ ነጭ ዓሣ ከሐምሌ ጀምሮ የወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል፣ ጎርፉ ሲመጣለት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጠጠር ላይ ወልዶ ይመለሳል። እኔ ልጅ ሳለሁ በዚያ ወቅት የግልገል አባይ አፍ ላይ ታንኳው በዓሣ ጀርባ ላይ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። የናይሎን መረብ መጣ፤ ሰው መረቡን ከዳር እስከ ዳር የወንዙ አፍ ላይ ዘረጋ። እናቲቱ ዕንቁላሏን ይዛ ስትሄድ ተያዘች። ከዚያ በኋላ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ። ስለዚህ ወላዷን አትንኪያት፤ ብትለቂያትም ደክማ ነው የምትሄደው። ከጥቅምት በኋላ ብትጀምሪ ማንም አይወቅስሽም።

---

ዓሣ አጥኚ

መምህርት፣ በባሕር ዳር በዓሣ ሀብት ሙያ የሠለጠንኩ ነኝ፤ ጥያቄዎ ሁለት ቀን ሙሉ ከራሴ አልወጣም።

መጀመሪያ ስለሚይዙት ዓሣ። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። ጣና ውስጥ ላቢኦባርበስ ከሚባለው ወገን 15 ትልልቅ ዝርያዎች ተለይተዋል፤ አብዛኞቹ ሌላ የትም የማይገኙ ናቸው። ከአባይ የታችኛው ተፋሰስ የለያቸው የጢስ እሳት ፏፏቴ ነው፤ 40 ሜትር ያህል የሆነውን ያንን ገደል ከታች የሚወጣ ዓሣ የለም። ከአንድ ዘር ተነሥተው በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ የተከፋፈሉ የዚህ ቤተሰብ ትልልቅ ዓሦች በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅም ነበሩ፤ እነዚያ ስለጠፉ ዛሬ በዓለም የቀረው የጣናው ብቻ ነው። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል በ1830ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ወደዚህ መጥቶ የመጀመሪያዎቹን ሲመዘግብ፣ የአገሩ ሰው የሚጠራቸውን ስም ይዞ ነበር፤ ቤሶ የሚባለው ዓሣ እስከ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሙም ቤሶ ነው። ለባሌው ወንድማችን ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ፦ ከእነዚህ ዝርያዎች አንዱ ቅርጹ ትራውት ስለሚመስል ሳይንሳዊ ስሙ ያንኑ የሚል ነው፤ ሌሎች ዓሦችን አሳድዶ የሚበላ ነው። ከዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ እንደ እሱ ዓሣ በል ናቸው፤ በዚህ የዓሣ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ብርቅ ነው፤ መንጋጋቸው ጥርስ የለውምና። ነሐስ የሚመስለው የእርስዎ ግን፣ እንደገለጹት ከሆነ፣ ወንዝ ውስጥ የሚኖረውና ያገኘውን ሁሉ የሚበላው፣ በተለይም የነፍሳት እጭ የሚወደው ነው። የመዳብ ሽቦ ያለበትን ላባ የሚወስደውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሾላው። የባሌው ወንድማችን ስለ ቅዝቃዜ ያለው ትክክል ነው፤ ግን ቅዝቃዜ የላይኛውንና የታችኛውን አይለይም። ጥልቅ የሆነ ቦታ በበጋ ዓሣ ይሰበስባል እንጂ አይበትንም። ስለዚህ አንድ ነገር ይሥሩልኝ፦ ዘንጉን ቤት ይተዉትና ከሾላው በላይ ካለው ጠጠር ድንጋይ እያነሡ ሥሩን ይመልከቱ። ታችም ወርደው እንዲሁ ያድርጉ። ጤነኛ ጠጠር ላይ ሦስት ጭራ ያለው ጠፍጣፋ እጭ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ቤት የሚሠራ፣ ድንጋይ ላይ ድር ዘርግቶ የሚጠብቅ ሊኖር ይገባል። ያገኙትን ይጻፉልን። ዓሣ ዋኝቶ ሊሄድ ይችላል፤ እጭ ግን እንደዚያ ርቆ አይሄድም፤ በቦታው የሆነውን የሚነግረን እሱ ነው።

እባክዎ ቦት ጫማ ሳያደርጉ ውኃ ውስጥ አይግቡ። ውኃው ዝግ በሚልበትና ሣር ባለበት ቀንድ አውጣ ካለ ቢልሃርዚያ ሊኖር ይችላል።

---

መምህርት ከመራዊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቦት ጫማ ሁሌም አደርጋለሁ፤ ተማሪዎቼን ስለ ቢልሃርዚያ እያስተማርኩ ራሴ በባዶ እግሬ ልገባ አልችልም።

ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ወረድኩ። ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ አብረውኝ መጡ፤ ነጭ የሻይ ሳሕን ይዘን ድንጋዩን ሳሕኑ ላይ እያጠብን ተመለከትን። ከታች ጀመርን። እዚያ ድንጋይ ባነሣን ቁጥር የሚሮጥ ነገር አለ፦ ባለሦስት ጭራው በብዛት፣ ድር የሚዘረጋው አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ ከአሸዋ ቤት የሠራውም። ተማሪዎቹ አሸዋው እንዴት እንደተጣበቀ ለማየት ሲሻሙ ሳሕኑን ሊሰብሩት ነበር። ከዚያ ወደ ሾላው ወጣን።

ባዶ ነው። ድንጋዩ አረንጓዴ ነው፣ ውኃው ያምራል፣ ቀንድ አውጣውም ተለጥፎ ይታያል፤ አንድም የሚሮጥ እጭ ግን የለም። ከጠጠሩ ራስ ጀምረን እስከ ጥልቁ አፋፍ ሄድን። ከሾላው በላይ ወደ ድልድዩ አቅጣጫ ስንወጣ፣ አንዲት ትንሽ ምንጭ ከምትገባበት በላይ፣ እንደገና እጭ አገኘን። እንግዲህ ባዶ የሆነው በሁለቱ መካከል ያለው ቁራጭ ብቻ ነው። የታችኛው ለምን እንደተረፈ ሳስብ፣ በመካከል ሌላ ጅረት ስለሚቀላቀል ይሆናል እላለሁ። አየሁ እንጂ ምክንያቱን አላውቅም። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡት ከዚያ ራቅ ብሎ ድልድዩ አጠገብ ነው፤ የሳሙናው ቢሆን ኖሮ ድልድዩ አጠገብ ያለው ነበር ባዶ የሚሆነው። ሽንኩርት የሚያጠጡበት ፓምፕም አለ፣ መድኃኒት ይረጫሉ፤ ግን እሱ ያለው ከታችኛው ቦታ አጠገብ ነው።

---

የሰከላ ልጅ

መምህርት፣ የጻፉትን ሳነብ ገና ሳልጨርሰው ነው የገባኝ። ብርብራ ነው።

እኔ የተወለድኩት ግልገል አባይ ከሚነሣበት ከግሽ አባይ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። ውኃው ሲቀንስና የብርብራው ፍሬ ሲደርቅ ወጣቶች ተሰብስበው ዘሩን ይወቅጡና ጥልቁ ራስ ላይ ይበትኑታል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ትልልቁን ይለቅማሉ፤ ጣት የማታህለዋ ደግሞ ለቁራ ትቀራለች። የሚሠሩት ክፉ ሆነው አይደለም፤ አያቶቻቸው ሲሠሩት አይተው ነው። የአያቶቻችን ጊዜ ግን ሰው ጥቂት፣ ወንዙም ሙሉ ነበር። ገና ሲደርስ፣ ጾሙ ሊፈታ ሲል፣ እንደዚህ ያለ ነገር ይበዛል። እርስዎም ዝምታው ከገና ወዲህ ነው ብለዋል።

ብርብራ ዓሣውን ብቻ አይደለም የሚገድለው። ትንኙንም እጩንም ነው። ቀንድ አውጣው ሲቀር አይቻለሁ።

---

ዓሣ አጥኚ

የሰከላው ወንድማችን ያለው ከታየው ነገር ጋር ይስማማል። የብርብራ ዘር ውስጥ ሮተኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በስንጥቡ በኩል ወደ ደሙ ይገባና ሴሎቹ ኦክስጅኑን እንዳይጠቀሙበት ያደርጋል፤ ዓሣው ውኃ ውስጥ ኦክስጅን እያለ ይታፈናል። ነፍሳትም እንዲሁ ይሞታሉ። ቀንድ አውጣ ግን ይህን መርዝ ከነፍሳት በተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ ቀንድ አውጣ ተርፎ ነፍሳት ብቻ ሲጠፉ፣ በተወሰነ ቁራጭ ላይ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ ከላይና ከታች ደህና ሆኖ ሳለ፣ እኔም መጀመሪያ የምጠረጥረው ብርብራን ነው። የእርሻ መድኃኒትም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል፤ ነገር ግን ፓምፑ ያለበት ቦታ ላይ እጩ በሕይወት ካለ ወደዚያ የሚያመለክት ነገር የለም። ያዩ ሰዎችን መጠየቅ ይቀራል።

ደስ የሚለው ነገር ሮተኖን ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ይፈርሳል፤ ውኃው ውስጥ አይከርምም። ከምንጯ በላይ ያገኙት እጭ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ከድንጋዩ እየለቀቀ ከውኃው ጋር ስለሚወርድ ባዶውን ጠጠር ቀስ በቀስ ይሞላዋል። ባለሦስት ጭራው መጀመሪያ ይመጣል፤ ወር ሁለት ወር ይጠብቁት። አሸዋ ሠሪው ይዘገያል። ዓሣው ግን ሌላ ነገር ነው። ነጭ ዓሣ ለመራባት የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ በአንድ ቀን የሞቱት ትልልቆች በአንድ ክረምት አይተኩም። ከላይና ከታች የሚመጣ ካለ ይሞላዋል፤ ከሌለ ይቆያል።

ዓሣን በመርዝ መግደል በሕግም የተከለከለ ነው፤ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ ክልሉም የራሱ አለው። ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መሄድ ይችላሉ። ነገር ግን እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሄደው በሬ ሊያጠጡ ወደመጡት አባት ነው።

---

መምህርት ከመራዊ

ሄድኩ። ቤታቸው ከሾላው ብዙ አይርቅም። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ አስቀመጡኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው፤ የሻይ ሳሕኑን ይዤ ስለነበር ከታች የያዝናቸውን እጮች አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩ። «እነዚህ ናቸው የዓሣው እህል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ ባለቤታቸው እማማ ከጓዳ ሆነው «ለገና ሳምንት ሲቀረው የእነ እገሌ ልጆች አልበተኑም እንዴ?» አሏቸው። እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ ስም መጥራት ስላልፈለጉ ነው ዝም ያሉት። እኔም ስም አልጠየቅኩም።

ከሁሉ ይበልጥ የነካቸው የእጩ ነገር አልነበረም። በሬዎቻቸው የሚጠጡት ከዚያው ጥልቅ ነው። «ዓሣ የሚያንቅ ነገር ለከብት ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። ውኃ ውስጥ የቀለጠው መጠን ከብት አይገድልም ብዬ እገምታለሁ፤ ግን የማላውቀውን ላረጋግጥላቸው አልፈለግኩም፤ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ እመለሳለሁ አልኳቸው። ዓሣ አጥኚ፣ መልስ ካለዎት እባክዎ ይጻፉልኝ። እሳቸው ግን መልሱን ሳይጠብቁ በሚቀጥለው የሰንበቴ ቀን ከማኅበርተኞቹ ጋር አነሣዋለሁ ብለዋል። ልጆቹ የማኅበርተኞቹ ልጆች ናቸው፤ እኔ ከምናገረው እሳቸው የሚናገሩት ይሰማል።

የተማሪዎቼን ነገር ሳልናገር አልቀርም። ከሁለቱ አንዱ የመጣው ከዚያው ቀበሌ ነው። ገናን ያሳለፈው ዓሣ ከለቀሙት ጋር እንደነበር በመንገድ ላይ ራሱ ነገረኝ። አልተቆጣሁትም። ዘንጉን ሰጥቼው ከታች ባለው ቦታ ላይ አወራወሩን አሳየሁት፤ ኋላው ላይ ቁጥቋጦ ስለነበር ክሩን ወደ ኋላ ሳይልክ ውኃው ላይ አንከባልሎ የሚወረውርበትን መንገድ ነው ያስተማርኩት። እጁ ጎበዝ ነው። ሲመሽ አንድ ትንሽ ነጭ ዓሣ ያዘና መልቀቅ አቃተው፤ ሁለት እጁ ውስጥ አድርጎ እያየው ቆመ። ስንጥቡ ሲከፈትና ሲዘጋ አሳየሁት። ከዚያ ለቀቀው። አሁን የራሱን ላባ ማሰር ይፈልጋል፤ የቤታቸው አውራ ዶሮ ወሰራ ነው፤ ይሠራል ወይ ብሎ ጠይቆኛል፤ እንሞክረዋለን ብዬዋለሁ።

የክረምቱን ነገር ደግሞ እንደ አባታችን እንደ ዘጌው ቃል አደርጋለሁ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ዘንጉ ይቀመጣል። በዚያ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር ዓሣው ጠጠሩ ላይ ሲወጣ ከዳር ቆመን እናያለን።

---

የዘጌው

ተባረኪ ልጄ። ሰንበቴ ላይ የሚነገር ነገር ይሰማል፤ ደህና ቦታ ነው የወሰድሽው።

---

ዓሣ አጥኚ

ስለ ከብቱ፦ ሮተኖን በምግብ ወይም በመጠጥ ሲገባ ከዓሣ ይልቅ በአጥቢ እንስሳት ላይ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው፤ ከሳምንታት በፊት የተበተነ ከሆነ ደግሞ አሁን በውኃው ውስጥ አይኖርም። በሬዎቻቸው አሁን ከጥልቁ ቢጠጡ አያሰጋም። በተበተነበት ቀን ግን ከብትም ሰውም ከዚያ ባይጠጣ ይሻላል፤ የሞተ ዓሣ የሚበሰብስበት ውኃም ለጤና ጥሩ አይደለም። ይህን እንደዚሁ ይንገሩልኝ። በየወሩ የሻይ ሳሕኑን ይዛችሁ ብትወርዱና ያገኛችሁትን በደብተር ብትመዘግቡ፣ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሾላው ጠጠር፣ ከምንጯ በላይ፣ ከታችኛው ቦታ፣ ከእያንዳንዱ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ድንጋይ ይሁን።

---

ባሌ ደርሶ መልስ

እህቴ፣ ስለ ቅዝቃዜው የጻፍኩት ለታችኛው ቦታ አሁንም ይሠራልሻል። በጥቅምት መጨረሻ ወደ ባሕር ዳር ጉዳይ አለኝ፤ መራዊ ወርጄ ከእናንተ ጋር ብውል ደስ ይለኛል። ለተማሪሽ የሚሆን ባለ 4 ቁጥር አሮጌ ዘንግ አለኝ፤ ጫፉ ተሰብሮ የተጠገነ ነው፤ ግን ይወረውራል። መንጠቆም አመጣለሁ። የትኛውን ቁጥር?

---

መምህርት ከመራዊ

እንኳን ደህና መጣህ፤ ቤታችን ታድራለህ፣ እናቴም ደስ ይላታል። ከመራዊ ወተት አባይ ሚኒባስ አይጠፋም፤ ጠዋት አንቸኩልም። መንጠቆው 12 እና 14 ይሁን፤ ከተቻለ ሾህ (ዓሣው እንዳያመልጥ ወደ ኋላ የሚይዘው ስል) የሌለው፣ ከሌለም ችግር የለም፣ ሾሁን በፒንሳ እንጫነዋለን። ለልጁ ስለ ዘንጉ ገና አልነገርኩትም። የወሰራውን ዶሮ ላባ ግን አሥሮ አምጥቶልኛል፤ ታችኛው ቦታ ላይ ሞክረነው አንድ ነጭ ዓሣ ይዟል።